የቤይሩት ወደብ ፍንዳታ፤ አንድ የመርከብ ጭነት በተከፋፈለ መንግሥት እጅ

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ. ም.፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ኦገስት 4 ቀን 2020፥ በሊባኖስ ዋና ከተማ በቤይሩት ወደብ ላይ የደረሰው ፍንዳታ፥ ከአቶሚክ መሣሪያ በቀር በሰው እጅ ከተነሡት ፍንዳታዎች ሁሉ ከታላላቆቹ መካከል የሚቈጠር ነው። ቢያንስ 218 ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 7,000 የሚጠጉ ቈሰሉ፤ 300,000 ያህል ሕዝብም መጠለያ አጣ። ስለዚህ አደጋ ብዙ ተጽፏል፤ ከተጻፈው ይልቅ ደግሞ የተወራው ይበዛል። እኛ በዚህ አጭር ጥናት ልንመረምር ያሰብነው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ይኸውም 2,750 ቶን የሚመዝን፥ ለፈንጂ መሥሪያ የታሰበ ዕቃ በአንዲት ዋና ከተማ ደጃፍ ስድስት ዓመት ያህል እንዴት ሊቀመጥ ቻለ? የሚለው ነው።

ወሬውን የሰማ ሰው በመጀመሪያ የሚገምተው ዕቃው ተደብቆ ነበር ብሎ ነው። ነገሩ ግን የዚህ ተቃራኒ ሆኖ እናገኘዋለን። የዕቃው ዓይነት፥ ክብደቱ፥ የተቀመጠበት መጋዘንና አደገኛነቱ ሁሉ በማኅተም በታተሙ ደብዳቤዎች ተጽፎ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲመላለስ የኖረ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።)

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ዕቃው ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አሞኒየም ናይትሬት፥ አሞንያ ከሚባለው ጋዝና ከናይትሪክ አሲድ የሚሠራ ነጭ ጨው ነው። ፍሬ ፍሬ ሆኖ በከረጢት ይሸጣል። የአገራችን ገበሬ ዩሪያ ብሎ የሚያውቀውን ማዳበሪያ ያየ ሰው ይህኛውን ቢያሳዩት በዐይን ለመለየት ይቸገራል፤ ሁለቱም ለአዝመራ ናይትሮጅን የሚሰጡ ናቸውና አገልግሎታቸውም ይቀራረባል። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ዩሪያ ለእሳት ኦክስጅን አያቀብልም። አሞኒየም ናይትሬት ግን ኦክስጅንን በራሱ ውስጥ አምቆ የያዘ ስለ ሆነ፥ በአንድ ወገን ማዳበሪያ ነው፤ በሌላ ወገን ከነዳጅ ዘይት ጋር ሲዋሐድ የማዕድን ቈፋሪዎች ዐለት የሚያፈርሱበት ፈንጂ ይሆናል።

ይህ ጨው ንጹሕ እንደ ሆነ፥ ከሙቀትና ከዘይት ርቆ ቢቀመጥ እንዲያው በድንገት ተነሥቶ አይፈነዳም። 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሞቅ ይቀልጣል፤ 200ን ካለፈ በኋላ መፈራረስ ይጀምርና ቀላ ያለ ቡናማ ጢስ ያወጣል። ከእንጨት፥ ከዘይት ወይም ከሌላ ተቀጣጣይ ነገር ጋር የተቀላቀለ እንደ ሆነ፥ ወይም ክምሩ ትልቅ ሆኖ ሙቀቱ መውጫ ያጣ እንደ ሆነ፥ ወይም ደግሞ በአጠገቡ ሌላ ነገር ፈንድቶ ድንጋጤው የደረሰበት እንደ ሆነ፥ መቃጠሉ ቀርቶ ክምሩ ባንድ ጊዜ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ይህን ለማስረዳት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ኪሎ አሞኒየም ናይትሬት ከአንድ ሊትር ያነሰ ቦታ ይይዛል። ሙሉ በሙሉ ሲፈነዳ ግን ወደ ናይትሮጅን፥ ወደ ኦክስጅንና ወደ እንፋሎት ተለውጦ፥ ቅዝቃዜውን በዜሮ ዲግሪ ብናስበው እንኳ አንድ ሺህ ሊትር ያህል ይሆናል። ጋዙ በሚወለድበት ቅጽበት የጋለ ስለ ሆነ በእውነቱ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሰፋል። ይህንን አንድ ኪሎ በሺህ፥ ከዚያም እንደገና በመቶዎች ማባዛቱን ለአንባቢ እንተዋለን።

ከዚሁ ጠባይ የሚከተል አንድ ሌላ ነገር አለ። እሳት ሲነሣ አየር እንዳያገኝ መክደን የተለመደ ዘዴ ነው። ለዚህ ጨው ግን አይሠራም፤ ኦክስጅኑን ከራሱ ያገኛልና። እንዲያውም መክደኑ ሙቀቱን አፍኖ ያብስበታል። የሚጠቅመው ገና በጧቱ ብዙ ውሃ ማፍሰስ ነው፤ ያ ካልተቻለ ደግሞ ሰዉን ሁሉ ይዞ መሸሽ ነው።

ዓለም ይህን የተማረው በብዙ ሰው ሕይወት ነው። በጀርመን አገር በኦፓው ከተማ በሚገኝ ፋብሪካ ውስጥ የተከማቸው የአሞኒየም ሰልፌትና የአሞኒየም ናይትሬት ድብልቅ እየጠጠረ አስቸግሮ ስለ ነበር፥ ሠራተኞቹ እንደ ልማዳቸው በትንንሽ ዲናሚት ሲያላሉት ሴፕቴምበር 21 ቀን 1921 ክምሩ ፈነዳ፤ ከ500 ሰው በላይም አለቀ። ይህን ሥራ ቀደም ሲል ብዙ ሺህ ጊዜ ያለ አደጋ ሠርተውት ነበር። በአሜሪካ በቴክሳስ ሲቲ ወደብ ደግሞ ኤፕሪል 16 ቀን 1947 ግራንካን የምትባል የፈረንሳይ መርከብ ከ2,000 ቶን በላይ ይህንኑ ጨው እንደ ጫነች እሳት ተነሣባት። የመርከቢቱ አለቃ ጭነቱ በውሃ እንዳይበላሽ ብሎ ክዳኖቹ ተዘግተው እንፋሎት እንዲነፋበት አዘዘ። ከላይ እንደ ተናገርነው ይህ ነገሩን አባሰው። የጢሱ ቀለም ደስ የሚል ብርቱካንማ ስለ ነበር ሕዝቡ ሊያይ ወደ ወደቡ ወረደ። ወደ 580 የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ ከከተማዪቱም የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች ከአንድ በቀር ሁሉም አለቁ። እንግዲህ በ2020 ማንም የወደብ ሹም ስለዚህ ጨው አላውቅም ሊል የሚችልበት ዘመን አልነበረም።

አሁን ወደ መርከቢቱ እንመለስ። ሮሱስ የምትባል፥ በ1986 በጃፓን የተሠራችና የሞልዶቫን ሰንደቅ ዓላማ የምታውለበልብ አሮጌ የጭነት መርከብ፥ በ2013 መጸው ከጆርጂያ ወደብ ከባቱሚ ተነሣች። መድረሻዋ የሞዛምቢክ ወደብ ቤይራ ሲሆን፥ የጫነችውም በዚያ አገር ለሚገኝ የፈንጂ ፋብሪካ የተላከ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ነበር። የእያንዳንዱ ከረጢት ክብደት አንድ ቶን ነው። ቤይሩት በመንገዷ ላይ አልነበረችም። የመርከቢቱ አለቃ በኋላ እንደ ተናገረው፥ የሱዌዝን ቦይ ለማለፍ የሚከፈል ገንዘብ ስለ ታጣ ከቤይሩት ተጨማሪ ጭነት ተጭኖ ኪራዩ ለዚያ እንዲውል ታስቦ ነው። የታሰበው ጭነት ከባድ መኪናና መሣሪያ ነበርና አሮጌዪቱ መርከብ አልቻለችውም። በኖቬምበር 2013 የወደቡ ተቈጣጣሪዎች መረመሯት፤ ለባሕር የማትበቃ ሆና ስላገኟት ከወደቡ እንዳትወጣ አገዷት። አበዳሪዎች ከሰሱ፤ መርከቢቱን የሚያዝዘው ነጋዴ እጁን አነሣ፤ የጭነቱም ባለቤት ነኝ ብሎ የሚቀርብ ጠፋ። አለቃውና ሦስት መርከበኞች በዚያ የፈንጂ ክምር ላይ እንደ ታሰሩ ያህል ወራት ተቀምጠው በ2014 በዳኛ ትእዛዝ ተለቀቁ። ጭነቱ በኦክቶበር 2014 ተራግፎ መጋዘን ቍጥር 12 ገባ። መርከቢቱም ባለቤት እንዳጣች ከወደቡ ሳትወጣ በፌብሩዋሪ 2018 ሰጠመች።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ በየትኛውም ወደብ ሊደርስ የሚችል ነው። በዓለም ላይ ባለቤት ያጣች መርከብ ብዙ ናት። የሊባኖስ ልዩ ነገር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ስለ ሆነ፥ ስለ መንግሥቱ አወቃቀር ጥቂት ማለት ግድ ይሆንብናል።

ሊባኖስ ከ1975 እስከ 1990 በእርስ በርስ ጦርነት የተቃጠለች አገር ናት። ጦርነቱን የዘጋው በ1989 በጣኢፍ ከተማ የተደረገው ስምምነት ሲሆን፥ ሥልጣንን በሃይማኖት ወገኖች መካከል የማካፈሉን የቈየ ልማድ አሻሽሎ አጸናው። ፕሬዚዳንቱ ማሮናዊ ክርስቲያን፥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ እስላም፥ የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ሺዓ እስላም ይሆናሉ፤ የምክር ቤቱም 128 ወንበሮች ለክርስቲያኖችና ለእስላሞች እኩል ይከፈላሉ። ይህ አሠራር ጠመንጃውን እንዳበረደ አይካድም፤ ለዚህም ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ክፍፍሉ ከላይ ብቻ አልቀረም። ዝቅ ብሎ እስከ ጉምሩክ፥ እስከ ዳኝነት፥ እስከ ጸጥታ መሥሪያ ቤቶች ድረስ ወረደ። እያንዳንዱ ሹም የሚጠብቀው ወገን አለው፤ ሌላውን ሹም ለማዘዝም ሆነ ለመሻር ቢያስብ ከአንድ ሰው ጋር ሳይሆን ከአንድ ወገን ጋር ይጣላል። ወደቡን የሚያስተዳድረው አካል ራሱ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመ «ጊዜያዊ ኮሚቴ» ሲሆን፥ ፍንዳታው በደረሰበት በ2020ም ስሙ ጊዜያዊ ኮሚቴ ነበር። ቋሚ አስተዳደር ለማቆም ወገኖቹ መስማማት ነበረባቸው፤ ወደብ ደግሞ ገንዘብ የሚገባበት በር ነውና አልተስማሙም።

በዚህ ላይ የጎረቤቲቱ የሶርያ ጦርነት ከ2011 ጀምሮ ተደረበ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኛ ወደ ትንሺቱ አገር ገባ፤ የሊባኖስም ወገኖች ከሶርያ ጋር ባላቸው ግንኙነት እንደገና ተከፋፈሉ። ከሜይ 2014 እስከ ኦክቶበር 2016 አገሪቱ ፕሬዚዳንት መምረጥ አቅቷት ያለ ፕሬዚዳንት ቈየች። አንባቢ ይህን ዘመን በልቡ ይያዝልን፤ ጨው ወደ መጋዘን የገባውና ደብዳቤዎቹም አብዛኛው የተጻፉት በዚሁ ጊዜ ነውና።

የጉምሩክ ሹማምንት ከ2014 እስከ 2017 ድረስ አጣዳፊ ጉዳዮችን ለሚያየው ዳኛ ቢያንስ ስድስት ደብዳቤ ጻፉ። ዕቃው በማይገባ ሁኔታ እንደ ተቀመጠና ለሠራተኛው አደገኛ እንደ ሆነ ገለጹ፤ ሦስት መንገድም አቀረቡ። አንደኛው ዕቃው ወደ መጣበት ይመለስ፤ ሁለተኛው ለጦር ሠራዊቱ ይሰጥ፤ ሦስተኛው በአገሩ ለሚገኝ የፈንጂ ኩባንያ ይሸጥ የሚል ነው። ሦስቱም መልካም ሐሳቦች ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ቢፈጸም ኖሮ ይህ ጽሑፍ አያስፈልግም ነበር። ነገር ግን ጉዳዩን የመወሰን ሥልጣን የማን ነው የሚለው ጥያቄ ሳይፈታ፥ ያው ልመና በተለያየ ቀን እንደገና እየተጻፈ ይላክ ነበር። ሠራዊቱም በ2016 ተጠይቆ ዕቃው እንደማያስፈልገው፥ ለፈንጂ ኩባንያው ቢሸጥ ወይም ወደ መጣበት ቢመለስ እንደሚሻል መለሰ። መልሱ ለቀረበለት ጥያቄ ትክክል ነው፤ ያስፈልግሃል ወይ ተባለ፥ አያስፈልገኝም አለ። የከተማው ሰው ይጠበቅ ዘንድ ምን ይደረግ ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም።

በአገራችን «ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው» ይባላል። በቤይሩት ወደብ ላይ ያጣሪዎች ብዛት አስቸጋሪ ሆነ። ጉምሩክ፥ የወደቡ ኮሚቴ፥ የሥራና የመጓጓዣ ሚኒስቴር፥ ፍርድ ቤቱ፥ ሠራዊቱ፥ የመንግሥት ጸጥታ መሥሪያ ቤት ሁሉም በየተራ ዐወቁ። በዚህ ላይ እኛ ልብ ያልነው አንድ ነገር አለ። ደብዳቤ መጻፍ በእንዲህ ያለ አገር ላይ ሥራ ከመሥራት ይልቅ ራስን መከላከያ ይሆናል። የጻፈ ሹም ቅጂውን በመዝገብ ያኖራል፤ ነገ ቢጠየቅ «አሳውቄአለሁ» ይላል። የተጻፈለትም ለሌላ ጽፎ እንዲሁ ይላል። ጦርነት የለመደ መንግሥት ሹሙን የሚያስተምረው ዕቃውን ስለ ማንሣት ሳይሆን በራሱ ላይ ምክንያት እንዳይገኝበት ስለ መጠንቀቅ ነው። ስለዚህ የወረቀቱ መብዛት የትጋት ምልክት ተደርጎ ሊታይ አይገባውም።

በመጨረሻ የመንግሥት ጸጥታ መሥሪያ ቤት ነገሩን መርምሮ የመጋዘኑ ግድግዳ ቀዳዳ እንዳለውና አንደኛው በር እንደ ተሰበረ፥ ዕቃውም ሊሰረቅ እንደሚችል አመለከተ። በጁላይ 2020፥ ፍንዳታው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፥ ሪፖርቱ ለፕሬዚዳንት ሚሼል አውንና ለጠቅላይ ሚኒስትር ሐሰን ዲያብ ደረሰ። በተግባር የተፈጸመው ነገር የበሩ ጥገና ነው፤ ሠራተኞች ተልከው ብየዳ ሠሩ። እዚህ ላይ የፍርሃቱን ዓይነት መመልከት ያሻል። የተፈራው ሌባ ነበር፤ እሳት አልነበረም። ባለሥልጣኖቹ በር ሲያስጠግኑ፥ በዚያው መጋዘን ውስጥ ከአሞኒየም ናይትሬቱ ጋር 23 ቶን ርችት፥ የፈንጂ መለኰሻ ክር ጥቅልሎችና 1,000 ያህል የመኪና ጎማ አብረው ተቀምጠው ነበር። ስለ ጨው ጠባይ ከላይ የተናገርነውን ያስታወሰ አንባቢ ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለንም።

ኦገስት 4 ቀን 2020 ብየዳው ከተሠራ በኋላ አመሻሹ ላይ ከመጋዘኑ ጢስ ታየ። እሳቱን ብየዳው ይለኵሰው ሌላ፥ በፍርድ አልተረጋገጠም። ለእሳት አደጋ ብርጌዱ ስልክ ተደወለና አሥር ሰዎች፥ ከእነርሱም አንዲት የሕክምና ረዳት፥ ተላኩ። በውስጡ ምን እንዳለ የነገራቸው አልነበረም። ስድስት ዓመት ያህል በሹማምንት መካከል የተመላለሰው ዕውቀት፥ ከሁሉ ይልቅ ሊያውቁት ለሚገባቸው ለአሥሩ ሰዎች አልደረሰም። በሩን ለመክፈት ሲታገሉ ርችቱ መተኰስ ጀመረ፤ ሰዓቱም የእነርሱ የበጋ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነውና በእኛ አነጋገር 12 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፥ ከመጀመሪያው ፍንዳታ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቈይቶ ዋናው ፈነዳ። አሥሩም ሞቱ። ከቴክሳስ ሲቲ እሳት አጥፊዎች ዕጣ ጋር ያለው መመሳሰል የሚያሳዝን ነው፤ ልዩነቱ በ1947 አዛዦቹም አለማወቃቸው ነው።

የፍንዳታውን ኀይል ሊቃውንት በተለያየ መንገድ ለክተውታል፤ አብዛኛው ግምት ከ500 እስከ 1,000 ቶን ቲ ኤን ቲ ከሚያህል ኀይል ጋር ያስተካክለዋል። የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያዎች 3.3 መዘገቡት። ድምፁ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በባሕር ተሻግሮ በቆጵሮስ ደሴት ተሰማ። መጋዘኑ በነበረበት ቦታ 140 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጒድጓድ ተከፍቶ ባሕሩ ገባበት። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በኋላ እንደ ገመተው በዚያን ቀን የፈነዳው 552 ቶን ያህል ብቻ ነው። ይህ ቍጥር ከ2,750ው በብዙ ያነሰ በመሆኑ፥ ቀሪው በየዘመኑ በዚያ ቀዳዳ ወጥቶ ይሆን ወይስ ሳይፈነዳ ተበትኖ ይሆን እየተባለ ሲያከራክር ቈይቷል።

ከወደቡ አጠገብ ያሉት ካራንቲና፥ ማር ሚካኤልና ጀማይዜ የተባሉት ሰፈሮች ፈራረሱ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ውስጥ ነርሶች በሥራቸው ላይ ሞቱ፤ በሽተኞቹም ሕንጻው ስለማይሆን ወደ ውጭ ወጡና ሐኪሞች በመኪና ማቆሚያው ላይ ያክሟቸው ጀመር። ከተማዪቱን በከፊል ያዳናት አንድ ያልታሰበ ነገር ነው፤ ይኸውም በመጋዘኑና በከተማዪቱ ምዕራባዊ ወገን መካከል የቆመው የእህል ጎተራ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በኩዌት ብድር የተጀመረውና 120,000 ቶን እህል የሚይዘው ይህ የኮንክሪት ጎተራ የማዕበሉን ኀይል በደረቱ ተቀበለ፤ ከበስተጀርባው ያለው ሰፈር የደረሰበት ጒዳት ከሌላው ያነሰ ሆነ። ነገር ግን ጎተራው ራሱ የአገሪቱ ዋና የስንዴ ማከማቻ ነበርና፥ ከተማዪቱ በአንድ ምሽት ቤቷንም መሶቧንም አጣች ማለት ይቻላል። በውስጡ የቀረው እህል ከጊዜ በኋላ ሻግቶ በሙቀቱ እሳት አነሣ፤ ለሳምንታት ሲጤስ ቈይቶም ከፊሉ በጁላይና በኦገስት 2022 ተደረመሰ። ከመደርመሱም አንዱ በሁለተኛው ዓመት መታሰቢያ ዕለት ነበር።

በማግሥቱ የተሰማው ወሬ ስለ ጥናታችን ብዙ የሚያስረዳ ነው። አንዱ የእስራኤል አውሮፕላን ነው አለ፤ ሌላው የሒዝቦላ መሣሪያ ነው አለ፤ ሁለቱም ወገኖች አስተባበሉ። ጦርነት በለመደ አገር ሕዝቡ ከፍንዳታ ጀርባ ጠላት መፈለጉ አያስደንቅም። እኛ ግን የወሬው ጒዳት ሌላ ይመስለናል። ጠላት ሲፈለግ መዝገብ መፈለጉ ይቀራል። ቸልተኝነትን ከክፋት ይልቅ ማመን ይከብዳል፤ የሞተበት ሰው ልጁ በአንድ ያልተመለሰ ደብዳቤ ምክንያት ሞተ ብሎ ለመቀበል ይቸገራልና።

በዚህች ከተማ ውስጥ የእኛም ሰዎች ነበሩ። በሊባኖስ በቤት ሠራተኛነት ከሚኖሩት የውጭ አገር ሴቶች መካከል ከፍ ያለው ቍጥር የኢትዮጵያውያት ነበር። የሚኖሩት ካፋላ በሚባለው ሥርዓት ነው፤ በዚህ ሥርዓት የሠራተኛዪቱ የመኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ ስም የታሰረ ሲሆን፥ የአገሩ የሠራተኛ ሕግም የቤት ሠራተኛን አያካትትም። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ የሊባኖስ ባንኮች ተዘጉ፤ ለብዙ ዓመት 1,507 ለአንድ ዶላር ሆኖ የቆመው የሊባኖስ ሊራ ወደቀ። ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች በ2020 በጋ ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው አምጥተው በቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ብዙዎቹ ደመወዛቸውንም ፓስፖርታቸውንም አልያዙም ነበር። ፍንዳታው የደረሰው ይህ በሆነ በሁለት ወር ውስጥ ነው። ስለዚህ ከተጐዱትና መጠለያ ካጡት ሰዎች መካከል፥ ከፍንዳታው በፊትም ቤት ያልነበራቸው እኅቶቻችን ነበሩ። የእርዳታ መዝገብ የሚከፈተው በቤት ባለቤትነትና በኪራይ ውል ስለ ሆነ፥ በሰው ቤት ጓዳ ወይም በሰገነት ላይ የሚያድር ሰው ስሙ ከየትኛው ዓምድ ላይ ይጻፋል?

መንግሥቱ ፍንዳታው በደረሰ በስድስተኛው ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ። የዓለም ባንክ በሕንጻና በንብረት ላይ የደረሰውን ጒዳት ብቻ ከ3.8 እስከ 4.6 ቢሊዮን ዶላር ገመተ። ምርመራውም ተጀመረ፤ አካሄዱ ግን የደብዳቤዎቹን አካሄድ የሚመስል ነው። የመጀመሪያው መርማሪ ዳኛ ፋዲ ሳዋን ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሦስት የቀድሞ ሚኒስትሮችን ከከሰሱ በኋላ በፌብሩዋሪ 2021 በሰበር ፍርድ ቤት ከጉዳዩ ተነሡ፤ ከቀረቡትም ምክንያቶች አንዱ የዳኛው መኖሪያ ቤት በፍንዳታው ስለ ተጐዳ በነገሩ ገለልተኛ ሊሆኑ አይችሉም የሚል ነው። በዚህ መለኪያ ከቤይሩት ከተማ ገለልተኛ ዳኛ ማግኘት የሚቻል አይመስለንም። ሁለተኛው ዳኛ ታሬቅ ቢጣር ተተኩ። በእርሳቸው ላይ ተቃውሞ ተነሣ፤ ኦክቶበር 14 ቀን 2021 ዳኛው ይነሡ የሚለው ሰልፍ በጣዩኔ ሰፈር ወደ ተኲስ ተለወጠና ሰባት ሰዎች ሞቱ። እንግዲህ የዕቃ መጋዘን ጉዳይ ተመልሶ በእርስ በርሱ ጦርነት የድንበር መሥመር ላይ መተኳኰሻ ሆነ ማለት ነው። በተከሳሾች አቤቱታ ብዛት ምርመራው በ2021 መጨረሻ ቆመ። በጃንዋሪ 2023 ዳኛው ሥራ እቀጥላለሁ ቢሉ፥ ዐቃቤ ሕጉ ታስረው የነበሩትን ሁሉ ለቀቀና በዳኛው ላይ ክስ መሠረተ።

እስከዚያ ድረስ ፍርድ የተሰጠው በሌላ አገር ነው። ጥቂት የሟቾች ቤተ ሰቦች ሳቫሮ የሚባለውን፥ ዕቃውን የገዛና በእንግሊዝ አገር የተመዘገበ ኩባንያ በለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በፌብሩዋሪ 2023 ኩባንያውን ተጠያቂ አደረገ፤ በጁን ወርም ለከሳሾቹ ከ800,000 ፓውንድ በላይ እንዲከፍል ፈረደ። በቤይሩት ዳኛ ቢጣር እንደገና ወደ ምርመራቸው የተመለሱት በጃንዋሪ 2025፥ አገሪቱ ከሁለት ዓመት ክፍተትና ከአዲስ ጦርነት በኋላ ፕሬዚዳንት ባገኘችበት ወር ነው። በእነዚህ ዓመታት የሟቾቹ ቤተ ሰቦች በየወሩ በአራተኛው ቀን፥ አንዳንዴ በመቶ፥ አንዳንዴ በጥቂት ሰው፥ የልጆቻቸውን ሥዕል ይዘው በወደቡ አጠገብ ይቆሙ ነበር።